በቀን መቁጠሪያው ላይ ስለወጣው የሕፃን ምርቃት ሥዕል

ለተከበሩ አቶ ረታ
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር
ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በሚሌኒየሙ ድግስ ብዙ ደክመዋልና ፈጣሪ ብርታቱን ያድልዎ እያልኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ልጆች ሥዕል የማስሥለው እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ እታገኘሁ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

፩. ዌስትላንድስ በሚባለው የባለጠጎች ሰፈር ባለው ሆቴል፣ በልጅነት የደረሰ ቁስል የሚሽረው ሰፈሩ ልጁን ሲያቅፈው ነው ብለው ስላደረጉት ንግግር አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ አጨብጭቤ ነበር። ልጆቹ የልባቸውን ይሣሉ፣ ሥዕሉም ከአዳራሹ ሣጥን አይወጣም ብለው ቃል ሲገቡልኝ፣ ያንኑ ቃል ለዘጠኝ ዓመቷ ምርቃት አቀበልኳት።

፪. ምርቃት፣ አባቷ የመኖሪያ ወረቀት የለህም ተብሎ በፖሊሶች ከቤት ሲወሰድ አልጋ ሥር ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ በቀር ማንንም አታናግርም ነበር። እኔ ዘንድ መምጣት በጀመረች በአምስተኛው ወር ያየችውን ሣለችልኝ፤ ስድስት ቡትስ ጫማና በመካከላቸው ባዶ እግር። ባዶው እግር የማን እንደሆነም በገዛ አንደበቷ ነገረችኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

፫. እርስዎ ደግሞ፣ ምስጋና ይግባዎትና፣ ሣጥኑን ከፍተው ሥዕሉን ከነስሟና ከነዕድሜዋ በማኅበሩ የ፳፻ ዓ.ም. ቀን መቁጠሪያ የመስከረም ገጽ ላይ አሳተሙት። ምርቃት በአቶ ባንታየሁ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ስታየው፣ ሁለት ተመጋቢዎች ቡትሱን እየቆጠሩ ይከራከሩ ነበር። አሁን እናቷንም አታናግርም። አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣም፣ ለበጎ ሥራ ነው ብለው አንድ ቅጂ በስጦታ ስላበረከቱልኝ ውለታዎ አይረሳኝም። ክቡርነትዎ፣ ከድተውኛል! እኔንም ልጅ እንድከዳ አድርገውኛል።

፬. አቶ ባንታየሁ ነገሩን እንደሰሙ ቀን መቁጠሪያውን አወረዱት፤ ጎረቤቶቼም ከየሱቁ እየለመኑ ሠላሳ አንድ ሰብስበዋል። ዌስትላንድስ ንግግርዎን ያልሰሙ ሰዎች ናቸውና ድፍረታቸውን ይቅር ይበሏቸው። የቀረውን እርስዎ እንዲሰበስቡ፣ ጥፋቱም የእርስዎ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ለምርቃት በአፍዎ እንዲነግሯት፣ ጊዜ ካገኙ፣ በትሕትና እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ከማይጎድለው አክብሮት ጋር፣
ቃልዎን አምና ልጅ ያታለለች፣
እታገኘሁ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ልጆቹ አዳራሽዎ አይመጡም፤ እናቶቻቸው ሌላ ቦታ አግኝተዋል። የት እንደሆነ ለእርስዎ እንዳልነግር ሁሉም አስምለውኛል፤ ምርቃትም ባትናገርም እጄን ይዛ አስማለችኝ። ይህችን መሐላ እንኳ አያስፈርሱኝም።