ሽርሽር በዲግሪ

ሰኞ፣ ሐምሌ 3

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ከአባዬ ጋር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ሥራ ክፍል ውስጥ። ጀሶ በጠበጥኩ፣ ሰም አቀለጥኩ፣ መደርደሪያው ላይ የተሰለፉትን መንጋጋዎች ጠራረግኩ። ልጅ ሆኜ እፈራቸው ነበር፤ ዞር ስል እርስ በርስ የሚያሙኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሰፈሩን ሰው በጥርሱ አውቀዋለሁ። ይሄ የጡረተኛው ዳኛ፣ ይሄ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ይሄ ደግሞ ያ ሁልጊዜ የሚከራከረው ሾፌር...

የአንደኛ ዓመት ውጤቴ ጥሩ ነው። አባዬ ለገባ ለወጣው ደንበኛ ሁሉ ይናገራል። «ጥርስ ሐኪም ልትሆን ነው! እሷ ትነቅላለች፣ እኔ እተካለሁ!» ጥርስ ያለው ደንበኛ ይስቃል፤ የሌለውም አፉን በእጁ ከልሎ ይስቃል።

ይህቺን ቀልድ ያልሰማሁበት ዘመን ነበር? የለም። ፊደል ስቆጥር ሁሉ ነበረች። ያኔ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ዛሬ ሰሙን ሳቀልጥ ጣቴን አቃጠልኩ።

እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 5

መጀመሪያ ለእማዬ ነገርኳት። ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ ነገ ትምህርት ቤት የምትለብሰውን። እዚያ የርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ናት፣ ስንቱን ወላጅና ልጅ ታስታርቃለች... እኔንም ከአባዬ ታስታርቀኝ ይሆናል ብዬ።

«መማር የምፈልገው የተፈጥሮ ጉዞና የጀብዱ አመራር ነው» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«ሰዎችን ወደ ተራራ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ጫካ ይዞ መሄድ። ካርታ ማንበብ፣ ገመድ፣ ዋና፣ የመጀመሪያ እርዳታ...»

«ሽርሽር?»

«ሽርሽር አይደለም እማዬ።»

«ሽርሽር በዲግሪ!» ካውያውን አስቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲህ እሳቱን አንቺው ለኩሺ። እኔ ውኃ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

እሑድ፣ ሐምሌ 9

ዛሬ ደግሞ ትዝታ ጠፍሮ ያዘኝ። እሑድ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

ጋሼ መንገድ። የእማዬ ታናሽ ወንድም። ይህን ስም ያወጣንለት እኛ የሰፈሩ ልጆች ነን። እኛ ቤት ይኖር በነበረ ጊዜ እሑድ እሑድ የሰፈሩን ልጅ ሰብስቦ ከከተማ ያወጣናል። አውቶቡሱ መጨረሻ ድረስ፣ ከዚያ በእግር። በፌስታል የተቀቀለ ድንች፣ ገና ትኩስ። ጨው በወረቀት ተጠቅልሎ። ደከመኝ ያለ ሰው ቅጣቱ መዝፈን ነው። ዳገቱን ጨርሰን ሐይቁን ስናየው ሁሌም እንደ አዲስ እንጮኻለን... ባለፈው እሑድ ያልነበረ ይመስል።

እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። እሱ ከፊት ሆኖ «ጅራት!» ብሎ ይጣራል። «አለሁ!» እላለሁ። ጅራት ካለች ሁሉም አለ ማለት ነው።

ስንመለስ ጭቃ በጭቃ። አባዬ ነጭ ገዋኑን እንደለበሰ በር ላይ ይቆማል። እሱ አንድም ቀን አብሮን ሄዶ አያውቅም። እሑድ የሩቅ ደንበኛ የሚመጣበት ቀን ነው። ጫማዬን አውልቆ ጭቃውን በሰም መፋቂያው ይፍቅልኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ጥርስ የሚያጸዳ ይመስል።

ያ ጊዜ የት ሄደ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 18

ጋሼ መንገድ ቢሮ ሄድኩ። ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ። በሊፍት ወጣሁ... ወደ እሱ በሊፍት! ከራባት አስሯል፤ ቦርጭ አውጥቷል። መስኮቱ የማይከፈት ክፍል። ሲያየኝ ደስ አለው፣ ሻይ አዘዘልኝ።

ነገርኩት። ከወንበሩ ብድግ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። «አሃ» አለ፣ በቃ።

«ሐይቁን ታስታውሰዋለህ? እሑድ እሑድ ይዘኸን የምትወጣውን...»

«የቱ ሐይቅ?»

ድንቹን፣ ጨው የተጠቀለለበትን ወረቀት፣ ዘፈኑን፣ ሁሉንም ነገርኩት። እየሳቀ ሰማኝ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሥራ ፈት ነበርኩ'ኮ ያኔ። አባትሽ እሑድን እንኳ ሳያርፍ ይሠራል፣ እኔ ሶፋው ላይ። ዓይን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። እንግዲያው ልጆቹን ይዤ ልውጣ፣ ቢያንስ ቤቱ ጸጥ ይበልላቸው አልኩ። ክፉ ጊዜ ነበር የኔ ልጅ። መርሳት ፈልጌ ነው የረሳሁት።»

ሻዬን ጠጣሁ። ቀዝቅዟል።

ሊፍቱ በር ላይ ሲሸኘኝ፣ «አንድ ነገር ግን ትዝ ይለኛል» አለ። «አንቺን መጨረሻ የማደርግሽ ሌሎቹ ፊት ፊቱን ብቻ ስለሚያዩ ነበር፤ አንቺ ግን የደከመውን ሰው ታያለሽ።»

ቤት እስክደርስ አሰብኩት። የኔ ወርቅ የሆነ ጊዜ ለእሱ እሾህ ነበር። ታዲያ እኔ ምኑን ነው የወደድኩት? በትዝታ ዲፓርትመንት ይመረጣል እንዴ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 21

ለአባዬ ነገርኩት። ጥርስ እየደረደረ ነበር፤ ሰሙ ላይ፣ አንድ በአንድ። ቀና አላለም።

«ጀብዱ?»

«አመራር ነው አባዬ። ሰዎችን...»

«ሰው ከቤቱ ለመውጣት መምህር ያስፈልገዋል? እግር አለው፣ ይወጣል።»

«ሥራ አለው፤ ትምህርት ቤቶች ይቀጥራሉ፣ ፓርኮች...»

«ውጤትሽ እንዲህ ሆኖ? አንቺ ልጅ፣ ሰው የሚመኘውን በር ከፍተውልሽ በመስኮት ልትዘይ?»

ከዚያ ማለስለሻ ማሽኑን አስነሳው። እኛ ቤት ማሽን ተነሳ ማለት ወሬ አለቀ ማለት ነው።

የተናደደ አይመስልም። ቢናደድ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ሽማግሌ ሆኖ ታየኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 4

ቤቱ ዝም ብሏል። እማዬ ብቻ ሁለታችንንም ታዋራለች፣ እንደ አስተርጓሚ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 9

ራት ላይ። እማዬ ድንገት፦ «እሑድ ይዛህ ትወጣለች።»

«ማን? ወዴት?» አባዬ።

«ልጅህ። ያን ጊዜ ልጆቹ ወደሚሄዱበት። ያላየኸውን ነገር እምቢ ማለት ምን የሚሉት ነው?»

«እሑድ ደንበኛ አለኝ።»

«ጥርስ የሌለው ሰው አንድ እሑድ ቢታገስ አይነክስህም።»

አባዬ ሊስቅ ነበር፤ በውኃ አወራረደው። እኔ ሰሃኔን አየሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 15

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። እጄም ልቤም ደክሞ ነበር።

አባዬ ጥቁሩን ጫማውን አድርጎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። «አባዬ፣ ተራራ ነው'ኮ የምንሄደው።» «ታዲያ ተራራ አይከበርም?» አለኝ። የመጀመሪያዋ ቀልድ ናት፣ ከዚያ ዓርብ ወዲህ።

አውቶቡሱ መጨረሻ ወረድን። የማውቀው ነገር የለም። መንገዱ ታጥሯል፤ ዞረን ገባን። እናርፍበት የነበረው ሾላ ተቆርጧል፤ ቦታው ላይ የስልክ ማማ ቆሟል። ምንጩ ደርቋል። አፈርኩ። ስንት ዘመን በልቤ የተሸከምኩትን ላሳየው አምጥቼው፣ የማሳየው የለም።

«እዚህ ጋ ትልቅ ሾላ ነበረ... እዚያ ደግሞ ምንጭ ነበረ...»

«ነበረ፣ ነበረ» አለ እያለከለከ። «ያለውን አሳዪኝ እንጂ!»

ያለው ዳገቱ ነው። ወጣን። እኔ ከኋላው፣ እርምጃውን እያየሁ። ጫፍ ልንደርስ ስንል ጭጋግ መጣ። እንዲህ ያለ ጭጋግ አይቼ አላውቅም፤ በአንዴ ማማውም መንገዱም ጠፋ። የአባዬ ጃንጥላ ብቻ ይታየኛል።

«እንውረድ» አለ ቶሎ። «ወደ ታች ከሄድን መውረዳችን አይቀር።»

«አይሆንም። በየት በኩል እንደሆነ አናውቅም።»

«ቁልቁለት ቁልቁለት ነው!» ብሎ መራመድ ጀመረ። ጫማው አንሸራተተው። ክንዱን ያዝኩት።

«አባዬ፣ ቁጭ በል።»

እንዲህ ብዬ አዝዤው አላውቅም። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። እሱም ዞር ብሎ አየኝ... ከዚያ ተቀመጠ። እንደ ልጅ።

እጁ በብርድ ደንዝዟል። ያ ጥርስን በፀጉር ስንጥቅ የሚያስተካክል እጅ። ከቦርሳዬ ትርፍ ካልሲዬን አውጥቼ እጆቹ ላይ አጠለቅኩለት። ሐምራዊ፣ ነጠብጣብ ያለው። እጆቹን ከፍ አድርጎ አያቸው። ጀርባ ለጀርባ ተደግፈን ተቀመጥን። ስለ ጎረቤታችን ድመት አወራሁለት። ስለ ዶርሜ። ስለማይረባ ነገር ሁሉ።

«አልፈራሽም?» አለኝ መሐል ላይ።

«ፈርቻለሁ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ ቀስ ብለሽ የምታወሪው?»

«አንተ እንዳትፈራ።»

ጀርባውን አደላደለ። ቆይቶ፦ «እኔም'ኮ ሰውየው አፉን ከፍቶ ሲንቀጠቀጥ ስለ ዶሮ ዋጋ ነው የማወራለት።» ሳቀ። በጀርባዬ ተሰማኝ ሳቁ።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሣሩ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ከዚያ... አባዬ ሊወርድበት በነበረው በኩል፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ መሬቱ ተቆርጧል። አዲስ የድንጋይ ማውጫ። ሥሩ የዝናብ ውኃ አቁሯል። እኔ አየሁት። እሱም አየው። አንዳችንም አላነሳነውም።

ሐይቁን ሳናይ ተመለስን። አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፣ ካልሲውን ሳያወልቅ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 20

አባዬ ጉንፋን ይዞታል። ስለ እሑዱ ትንፍሽ አላለም። ለእማዬ «ደህና ነበር» ብቻ። የዲፓርትመንት ምርጫው ሊዘጋ ነው።

ጥርስ ሕክምና ልሙላ? ማን ይጎዳል? በአባዬ ደስታ መኖር ይቻል ይሆን... ይቻላል መሰለኝ። ብዙ ሰው ይኖራል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 24

ጠዋት ጠራኝ። ሥራ ክፍል። ማሽኑ ጠፍቷል።

«እዚያ ትምህርት ቤት፣ ጭጋግ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ያስተምራሉ?»

«ያስተምራሉ።»

«እሑድ ያደረግሽው ሳትማሪ ነው?»

«ሳልማር ነው።»

ሰሙን በጣቱ አለሰለሰ፣ አለሰለሰ። «እንግዲያው ሄደሽ ተማሪ። ሰው ባላወቀው ነገር ሰው ይዞ አይወጣም። እኔን በዕድል ነው ያተረፍሽኝ፤ ሌላውን በዕድል እንዳታደርጊው።»

ከዚያ ሊቀልድ ሞከረ። «እኔ እተካለሁ... ማን ሊነቅልልኝ ነው እንግዲህ?» አለና ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ዘወር ብሎ መንጋጋዎቹን ማስተካከል ጀመረ፤ የተስተካከሉትን።

ያቺ ቀልድ ዛሬ ሞተች። እኔ ነኝ የገደልኳት። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ እማዬ መጥታ ፎጣ ሰጠችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሞላሁ። ጀብዱውን የመጀመሪያ ምርጫዬ አደረግኩት፤ ሁለተኛ ምርጫ አልጻፍኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

የመጀመሪያው የመስክ ጉዟችን። ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለናል። እግሬ ውኃ ቋጥሯል፣ ፊቴ በፀሐይ ተልጧል፣ ካርታ ላይ ሰሜንን ሁለቴ ስቻለሁ። መምህራችን ሴት ናት፤ ስንሳሳት አትቆጣም፣ «እንደገና» ብቻ ትላለች። እንደገና፣ እንደገና... ትናንት የቡድናችንን ልጅ በቃሬዛ ተሸክመን ስንለማመድ ጣልነው። ይስቃል፣ ደግነቱ። ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ነው አባዬን ይዤ የወጣሁት? አሁን ሳስበው ነው የምንቀጠቀጠው።

ድሮ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ሐይቁ ነበር። አሁን ግን የምናፍቀው ጭጋጉን ነው። ጀርባዬ ላይ ያለው የአባዬ ሳቅ። ገና ሁለት ወሩ አይደል? እንዲህ ቶሎ ትዝታ ይሆናል እንዴ?

ምሳ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩለት።

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ አባዬ።»

«አንድ አዲስ ደንበኛ መጥቶ፣ ልጅህ ምን ትማራለች አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ስሙ ይረዝምብኛል እኔ... ሰው ይዛ ትወጣለች፣ ሰው ይዛ ትመለሳለች አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ይሄ ደግሞ ትምህርት ነው ወይ ብሎ ሊከራከረኝ አፉን ከፈተ። እንደከፈተ ጀሶውን ሞላሁበት። እስኪደርቅ ድረስ ስላንቺ ነገርኩት፤ ወዴት ይሄዳል?»

በሳቅ ፈነዳሁ። ታች ያሉት ልጆች ድንኳን መንቀሉን ትተው ቀና ብለው አዩኝ።