ቴሌቪዥኑ የሰማው ኑዛዜ

አዝመራ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።
ቴሌቪዥኑን ነቅዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። እስክመለስ እንዳትሰኪው።

ትናንት ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ዘውገ ስናዘዝ አንዲት ሴትዮ ከውስጡ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። መምሬም «ሦስተኛ ሰው ባለበት ኑዛዜ የለም» ብለው ሳይፈቱኝ ወጡ። አንቺን ብጠይቅሽ «እማማ፣ ኢንተርኔት ስላለው የምናወራውን ይሰማል፤ ወደ ኩባንያውም ይልካል» ብለሽ ሳቅሽ።
ቤት ሲገባ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

አሁን ነአኩቶ ለአብ፣ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄጄ እንደገና ልናዘዝ ነው። ስላንቺም ያነሣሁት አለ፤ ክፉ አይደለም።

ተነቅሎም አላምነውም፤ ከዚያ ልጅ ጋር በስልክ ስታወሪ ደጅ ውጪ፤ ጋቢዬን ደርቢ።
እኔ ምንም አልሰማሁም።
ቴሌቪዥኑ ግን ሰምቷል።

አያትሽ