ትንሿ ጣት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ።

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም አለኝ ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? ጣቶችህስ ደህና ናቸው? የጣቶችህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። እኔ ወገቤን ትንሽ ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔም ደህና ነው፤ ደብዳቤህን ማንም ሳያግዘኝ ራሴ አንብቤዋለሁ። ድሮ የሚመጣልኝን ወረቀት ሁሉ የምታነብልኝ አንተ ነበርክ፤ የምታነብልኝም የፈለግከውን ያህል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ቢሆንም አሁን መስመር አልዘልም።

የሟቹን ባሌን ጊታር ላኪልኝ ብለሃል። ለትልቁ ኮንሰርት መድረክ ላይ ይዤው ልውጣ፣ ለእሱም ክብር ነው ብለሃል። በደብዳቤው ውስጥ «እህት ዓለሜ» የምትለው በዛችብኝ። ዕድሜ ልክህን «አንቺ» ብለህ ስትጠራኝ ኖረህ ዛሬ እንዲህ አንደበትህ ሲጣፍጥ፣ ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ባሌን ልትቀብር መጥተህ ጊታሩ ከራስህ በላይ ተሰቅሎ ሳለ ቀና ብለህ እንኳ አላየኸውም።

ለማንኛውም ጊታሩ አሁን ሥራ ላይ ነው። እየተማርኩበት ነው። አትሳቅ። ከሆቴሉ ላውንደሪ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈታ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ጊታር ያስተምራል ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። ሰኞ ሱቁ ዝግ ነው፤ መጋረጃውን ይጋርድና መስታወቱ ፊት እንቀመጣለን። ጎረቤቶቼ «እማማ መጋረጃ ተዘግቶ ከፀጉር ቆራጭ ጋር ምን ይሠራሉ?» ይባባላሉ አሉ። ይበሉ። እኔም ሰውየውን መጀመሪያ አላመንኩትም ነበር። የካንትሪ ሪትሙን፣ ያን አንዴ ወፍራሙን ክር ነክቶ ቀጥሎ ሁሉንም ጠረግ የሚያደርገውን፣ ቶሎ ያዝኩት፤ ባሌ ቤት ውስጥ ሲመታው ስለኖረ ጆሮዬ ያውቀዋል። ሊዱን፣ ያን ከፊት ሆኖ ዜማውን የሚመራውን፣ አሳየኝ ስለው ግን ወደ ሌላ ቀን ይገፋዋል። «እማማ፣ ሪትም ሳይዝ ሶሎ የሚጫወት ሰው መንገድ ላይ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ነው» ይለኛል። ትምህርቱን ሊያስረዝምብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩት።

በኋላ ወደ ብሉዝ ሪትም ገባን። አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ እንዴት እንደገባኝ ልንገርህ። አመልካች ጣት ወፍራሙን ክር ይጫናል። የቀለበት ጣት ቀጥሎ ያለውን ይይዛል። ትንሿ ጣት ደግሞ ራቅ ብላ ተጭና ትመለሳለች፤ ሄደች መጣች፣ ሄደች መጣች። የኔዋ ትንሽ ጣት በአንሶላ ጭመቃ የደረቀች ናት። «እሷን ትቼ በሦስቱ ልምታው» አልኩት። አይሆንም አለኝ። «እስቲ አንተው ሞክረው» አልኩት። ትንሿን ጣቱን አጥፎ የቀለበት ጣቱን ወዲህና ወዲያ አስሮጣት፤ ድምፁ እየተቆረጠ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። «አዩት?» አለኝ። ከዚያ ትክክለኛውን ላሰማዎት ብሎ ካሴት ከፈተ። የከፈተው አንተና ባሌ ድሮ አብራችሁ የቀረጻችሁትን ካሴት ነው። የማን እህት እንደሆንኩ አያውቅም፤ አልነገርኩትም።

«ሶሎውን ይተዉት፣ እሱን አገር ያውቀዋል» አለኝ። «ከኋላ ያለውን ያዳምጡ። ትንሿ ጣት ስትሄድና ስትመለስ ይሰማዎታል? የትም ቦታ አልተቆረጠችም።»

ቀና ስል እጄን መስታወቱ ውስጥ አየሁት። ትንሿ ጣቴ ደክሟት ቀጥ ብላ ወጥታለች። የባሌን እጅ ያየሁ መሰለኝ።

ታስታውሳለህ አይደል? በልጅነቱ በር የጨፈለቃት የግራ እጁ ትንሿ ጣት ታጥፋ አታውቅም። ሚስማር ሲይዝ እንኳ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ይሄ አናጢ ሚስማር የሚይዘው ስኒ እንደሚይዝ ጌታ ነው» ብለህ «ጌትዬ» የሚለውን ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። ስሙ እስከ መቃብሩ ተከትሎታል።

የካሴቱ ሽፋን ላይ ሊድና ሶሎ አንተ፣ ሪትም ጌትዬ ይላል። ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንተ ከፊት ሆነህ የምታስለቅስ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ የሚመታ።

«ሶሎውስ ስንት ጣት ይፈልጋል?» ብዬ ፀጉር ቆራጩን ጠየቅሁት። ክሩን ወደ ላይ እየገፋ አሳየኝ። «ሦስት ይበቃል፤ ይሄ ሰውዬማ ትንሿን ጣቱን የነካት አይመስለኝም» አለ። ምነው ፊትዎ ጠቆረ ሲለኝ ጣቴን አመመኝ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አወጣለሁ አወርዳለሁ። ያን ሶሎ በሰው ፊት ደግመህ ተጫውተኸው አታውቅም። «እንዲህ ያለ መንፈስ አንዴ ነው የሚመጣው» ትላለህ፤ ሰውም ትሕትና ነው ብሎ ያጨበጭብልሃል። ጌትዬ ደግሞ ሬድዮ ላይ ያ ሶሎ ሲመጣ መጋዙን አስቀምጦ እኔን እያየ ፈገግ ይል ነበር። «እሱ ስሙ ሲጠራ አንተ ከኋላ መቅረትህ አይቆጭህም?» ስለው፣ «እኔ የምፈልገውን ወስጃለሁ» ይለኛል። በገዛ ቤታችን፣ በር ዘግተን እንኳ፣ ከካንትሪ ሪትሙ ሌላ አንድ የሊድ ድምፅ ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም። አንዴ ቃል ከሰጠ የማያጥፍ ሰው እንደነበር ታውቃለህ።

ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። አባታችን ሲሞት በእሱ ቦታ የተቀመጥከው አንተ ነህ። ጌትዬ እኔን ሲጠይቅህ «እህቴን ለእንጨት ፋቂ አልሰጥም» እያልክ ስንት ጊዜ መለስከው። ካሴቱን ቀርጻችሁ የመጣችሁ ዕለት ግን ገና ጫማህን ሳታወልቅ «በቃ ውሰዳት» አልከው። እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ ነበር። አምላክ ልቡን አራራልን ብዬ አመሰገንኩ። ጌትዬ ግን ወዲያው ሲደሰት አላየሁትም፤ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የግራ እጁን ሲያይ ቆየ።

ጊታሩን አልልከውም፤ በሰው እጅም አልሰጥም። መጥተህ ውሰድ። ቤቴ ደረጃ የለውም፣ ጉልበትህን አያስቸግረውም። ሁለት ወንበር አወጣለሁ፤ ሁለተኛ ጊታር ከፀጉር ቤቱ እዋሳለሁ። ሪትሙን እኔ እይዝልሃለሁ፤ ትንሿ ጣቴ አሁን ትሄዳለች ትመጣለች። አንተ ያን ሶሎ ለእኔ ብቻ አንዴ ትጫወትልኛለህ። ከተጫወትከው ጊታሩን ይዘህ ሂድ፤ ሁለተኛ አላነሳብህም። ካልሆነልህ ቦታ እንለዋወጥና ሪትሙን አንተ ያዝ። እሱን በደንብ እንደምትይዘው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጌትዬ ምን ወስዶ እንደነበር ግን አልጠይቅህም። ሲሞት ትቶት የሄደውን ሁሉ አገላብጬ አይቻለሁ፤ ከእኔና ከጊታሩ በቀር ምንም የለም።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ ጣቶችህንም ይጠብቅልህ። ልጆችህን ሳምልኝ።

እህትህ፣
የጌትዬ ሚስት