አራት ቁጥር የሌለበት ኖታ

ውድ እናቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ቀስ ብለሽ ትወጫለሽ ወይስ አሁንም ልጃገረድ ነኝ ብለሽ ትሮጫለሽ? የባሕሩ ንፋስ ያላላውን መስኮትስ አስጠገንሽው? ልጄ ቪብከ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ ያንቺን ሹራብ ካልለበስኩ አልተኛም እያለች ታስቸግረኛለች። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም።

ግራ እጄ ከድቶኛል። ከመስከረም ጀምሮ የቀለበት ጣቴ የሌላ ሰው ጣት ሆኖብኛል። ኦርጋኑ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ስህተቴን ይሸፍንልኛል። ባለ ክሩ ሃርፕሲኮርድ ግን አይምርም፤ እያንዳንዱ ክር ተገርፎ ለብቻው ይሰማል። ኮፐንሃገን ላይ አዳራሹን ሰው ሞልቶት ሳለ ሁለት ጊዜ ተሰናከልኩ። የዕድሜ ልክ ሙያዬ በአንዲት ጣት ሊያልቅ ነው ብዬ ሆቴል ገብቼ አለቀስኩ። ለጰራቅሊጦስ በቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ልጫወት ቃል ገብቻለሁ፤ ያን ካልቻልኩ ቦታዬን እለቃለሁ።

ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያስተማረኝን መምህር ኡቦን በኅዳር ስንቀብር አንቺ ከደጅ፣ ከዛፎቹ ሥር ቀረሽ። ጉልበትሽን አሞሽ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት እህቱ ጌሸ፣ ኖታዎቹን ውሰጂ ብላ ጠራችኝና ሻይ ቀዳችልኝ። ስኒውን ሳነሳ የቀለበት ጣቴ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቆመች።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?" አለችኝ።

"ድካም ነው፣ እትዬ ጌሸ።"

"የምን ድካም! ኡቦም ልክ እንደዚህ ነበር የሚይዘው" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ ብቻ አወራች፤ በቃኝ ለማለት ማንኪያዬን ስኒው ውስጥ እስካስቀምጥ ድረስም መቅዳቷን አላቆመችም።

ቤት ገብቼ ኖታዎቹን ከፈትኩ። የትኛው ጣት የቱን እንደሚነካ በእርሳስ ቁጥር እንደምንጽፍ ታውቂያለሽ፤ አውራ ጣት አንድ፣ የቀለበት ጣት አራት፣ ትንሿ አምስት። በመምህር ኡቦ ወረቀት ላይ ለግራ እጅ አራት ቁጥር የለም። ገጹን ሁሉ አገላብጬ ፈለግሁ፤ አንድም የለም። ቁጥሮቹን ተከትዬ ስጫወት ወራት ሙሉ ሲሰናከል የከረመው እጄ አንድም ሳይስት ጨረሰ። አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ እጁን በእጄ ውስጥ ያስገባ መሰለኝና ዞር ብዬ አየሁ። ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀን ተጽፏል፤ ያኔ አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር። እኔስ ስንት ሆነኝ፣ እማዬ?

የሚቀጥለው ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው፤ አምስትም የለበትም። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ከቄሱ ተጣልቶ ኦርጋኑን ተወ ይባል አልነበር? በዚያ ዓመት ወረቀት ላይ የግራ እጁ መስመር ተሰርዞ ዜማው ወደ እግር መርገጫዎቹ ወርዷል። ገና ያልኖርኩትን ዕድሜ በሰው ጽሕፈት ሳነብ ፈራሁ።

ከሁሉም ሥር አንድ ደብተር ነበር፤ ባለፈው መስከረም፣ አልጋ ላይ ሆኖ የጻፈው። ሃያ ዓመት የኦርጋን ቁልፍ ያልነካ ሰው! የእሱ እጅ አካፋ ያህል ነበር፤ እነዚህ ቁጥሮች ግን በእኔ እጅ ልክ የተጻፉ ናቸው። ጣቴ የከዳኝ በዚያው ወር ነው፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ሽፋኑ ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ፦ "ሲደርስባት"።

ልጅ ሳለሁ ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊት የቁልፎቹን ክዳን ዘግቶ "እስቲ እጅሽን ክዳኑ ላይ አድርጊ፣ አንቺ ቀበጥ" ይለኝና ግራውን ትክ ብሎ ያይ ነበር። ጥፍሬን የሚመረምር ይመስለኝ ነበር። አንቺም እኮ ቤት በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የምትይዢው ግራ እጄን ነው።

ሐኪሙ ደግሞ በዘር የሚወርድ በሽታ ነው አለና ከአባቴ ይሁን ከእናቴ ጠየቀኝ። እናቴ ዛሬም ሹራብ ትሠራለች፤ አባቴ ነፍሱን ይማረውና እስከ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ በሁለት እጁ ሊጥ ሲያቦካ ኖሯል አልኩት። ጻፈው።

አልጠይቅሽም፣ እማዬ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቆጥቼብሽ ነበር፤ ስልክሽን ያላነሳሁት ለዚያ ነው። ትናንት ግን ቪብከ ልትለማመድ ስትቀመጥ ሳላስበው "እስቲ እጅሽን ክዳኑ ላይ አድርጊ" አልኳት።

"ደግሞ ለምን?" አለችኝ።

"ዝም ብዬ ነው።"

ግራዋን ያዝኩ። ይሞቃል፣ አምስቱም ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ እኔ ግን ልለቃት አልቻልኩም። "እማ፣ አመመኝ እኮ!" እስክትለኝ ድረስ ጨብጬያት ነበር። አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?

ለጰራቅሊጦስ ነይልኝ። በደብተሩ ቁጥሮች እጫወታለሁ። እንደ ሁልጊዜው ከምሰሶው ጀርባ አትደበቂ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ኦርጋኑ ውጪና ከጎኔ ተቀመጪ፣ በግራ በኩል። ስንጨርስ ወደ አባባ መቃብር አብረን እንሄዳለን።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ እጆችሽን ይባርክልኝ።

ልጅሽ፣
እንደ ወትሮው፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ