መሬት የማይነካው ባቡር

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢኒያም በላይ፣ ቻይና አገር ባለህበት።

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ይህን በእጄ የጻፍኩትን እህትህ ሕይወት በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ስደውል እንደምቆጣ ስለማውቅ ወረቀት መረጥኩ፤ ወረቀት ላይም እንደምቆጣ አሁን እያየሁት ነው።

የላክኸውን ቪዲዮ አየነው። የምትሠራበት ጣቢያ ከከተማው ዳር ነው ብትልም ወለሉ ላይ እንጀራ ቢቀርብ ይበላል። ባቡሩ ሐዲድ ሳይነካ ተንሳፍፎ ሲመጣ «ማግኔት ነው የሚያነሳው» ብላ ሕይወት ሦስት ጊዜ መልሳ አሳየችን። እናትህ ባቡሩን ትታ አንተን ስታይ ቆየችና «ምን ነክቶት ነው እንዲህ የከሳው?» አለች። እኔ ግን፣ መሬት የማይነካ ባቡር ካለ የእኛን መሬት ምን አስፈለጋቸው አልኩ። ለነገሩ የእኛም ባቡር እስከ ዛሬ መሬት አልነካም። ጣቢያው በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ጥላው ላይ ፍየል ይተኛበታል።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ቀያሾቹ በመጡ ጊዜ የባቡር ትምህርት ተማሪ ነበርክ፤ ከእነሱ ጋር ትዞር ነበር። ለሐዲዱ አፈር ሲቆለል የመስኖው ቦይ እንዳይዘጋ ከሥሩ ቱቦ ይቀበራል ብለህ ነገርከኝ። እኔም የውሃ አባት ነበርኩና፣ ተራ የማካፍላቸውን ሰዎች ዋርካው ሥር ሰብስቤ «ቱቦው ሳይቀበር ቢቀር የእኔ ማሳ ከሁሉ በኋላ ይጠጣ» ብዬ ማልኩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በእኔ ቃል መሬቱን ለሐዲዱ ለመልቀቅ ፈረመ። ቱቦው አልተቀበረም። አሁን ውሃው ጣቢያውን ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ግማሹን አሸዋ ይጠጣዋል።

መሐላህን ጠብቅ ያለኝ የለም። ራሴ ነኝ ከሰው ሁሉ ኋላ የተሰለፍኩት። ተራዬ ሲደርስ ቦዩ ውስጥ የሚቀረው ጭቃ ነው። አንተ የተወለድክ ለት እናትህ የተከለችው ማንጎ ዘንድሮ አላፈራም፤ ቅጠሉም ረግፏል።

በጥር ሰዎቹ ተሰብስበው የውሃ አባትነቱን ለአብዱልሀኪም ሰጡት። አብሮ አደጌ ነው፤ አፍሮ ቤቴ ድረስ መጣ። ቁጭ በል ብለው እንቢ አለኝ።

«በላይ፣ ወላሂ አንተ አልዋሸህም፤ ልጅህን አምነህ ነው። እሱ መጥቶ ከየት እንደሚቆፈር ያሳየን፣ ቱቦውን እኛው እንቀብረዋለን» አለኝ።

ሐዲዱ ሳይናድ ከሥሩ መቆፈር የሚያውቅ ከመካከላችን አንተ ብቻ ነህ። ለፋሲካ ይመጣል አልኩት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

በሳምንቱ መልእክትህ ደረሰ። ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ፣ ሁለት ዓመት አልመጣም ትላለህ። እንኳን ደስ ያለህ። በአሽሙር አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ አሽሙር አለበት። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። እኔ ሁለቱም ጠፉብኝ።

ለሰዎቹ አልነገርኳቸውም። አብዱልሀኪም በየጁምዓው ከሶላት ሲመለስ በደጄ እያለፈ ስንት ሳምንት ቀረ ይለኛል። እኔም እየቆጠርኩ እነግረዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ለመድኩ።

አንድ ነገር ልለምንህ። የማትመጣ ከሆነ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ደውለህ ንገረው። ቁጥሩን ሕይወት ትልክልሃለች። እኔ ብነግረው ላያምነኝ ይችላል፤ ካመነኝ ደግሞ ያዝንልኛል፤ እሱ ይብስብኛል።

እናትህ ምግብ ብላ ብላሃለች። ማንጎውን ልቆርጠው መጥረቢያ አንስቼ ነበር፤ እስከ ፋሲካ ተወው ብላ ከለከለችኝ። ተውኩት።

ከክፉ ሰው ይሰውርህ። በሰው አገር ሞገስ ይሁንህ። እግርህን መሬት ያስረግጥልኝ።

አባትህ በላይ ተሰማ
የቀድሞው የውሃ አባት