አጭሩ ገመድ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። ከቀብሩ ወዲህ «ደህና ነን» ስል አፌን ይይዘኝ ነበር፤ ዛሬ ግን የልቤን ነው።

አሸነፍኩ! ጩኸቱ ጠፋ!

ወንድማችን ሳሎን ያቆማቸውን ትልልቅ ስፒከሮች ከነማጉያቸው፣ ከነአምፕሊፋየሩ ታውቂያቸዋለሽ፤ ከቴፑ ጋር ሳያገናኛቸው ነው የተለየን። ልጨርስለት ተነሣሁ። ግን ቴፑ ያለው እሱ ክፍል ነው፤ እማዬ ደግሞ ከዚያ መርፌ እንኳ እንዲወጣ አትፈቅድም። ስለዚህ ረጅም ገመድ ገዝቼ በኮሪደሩ፣ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጎን፣ በፍሪጁ ጀርባ አሳልፌ ሳሎን አስገባሁት። ስከፍተው፣ እምምምም! ንብ ቀፎ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ሰው! አባዬ «ይሄ የልጄ ሙዚቃ አይደለም። ወይ አስተካክለው፣ ወይ እሑድ አጎትህ መጥቶ ስፒከሮቹን ይውሰዳቸው» አለ።

ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ገመድ ሻጩ ጋ ሮጥኩ። የገዛኸው አንባላንስድ ነው አለኝ፤ እንደዚያች ወሬ ለቃሚ ጎረቤታችን በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይገባል። ባላንስድ የሚባለው ግን ያንኑ ድምፅ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ገልብጦ በሁለት ሽቦ ያደርሳል፤ ተቀባዩ ሁለቱን አነጻጽሮ መንገድ ላይ የገባውን ጩኸት ይጥለዋል። «ዓይንህን ሳታሽ ውሰድ!» አለኝ። ወሰድኩ። በመገጣጠሚያ አገናኘሁት። እምምምም!

ተናድጄ ሱቁ ስመለስ፣ ሻጩ ያነሣሁትን የቴፑን ጀርባ ፎቶ አይቶ ሳቀብኝ። «የኔ ጌታ፣ ላኪው ቴፕ ራሱ ባላንስድ ካልሆነ ገመዱ ብቻውን ምን ያድርግ? በል አጭሯን አንባላንስድ ያዝ፤ ቴፑን ከማጉያው አጠገብ አስቀምጠው፤ ዝም ይልልሃል።»

ለእሱ ቀላል ነው። ለእማዬ ማን ይንገራት?

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ስታጥፍ ስለ ሽቦ ጀምሬ፣ ቴፑ ከክፍሉ መውጣት እንዳለበት ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «እሱስ ተዘግቶበት መቀመጥ መች ይወድ ነበር?» አለች። ተነሥታ ገባች። አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ቴፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ራሷ አወጣችው። ልቀበላት ስል «ዞር በል፣ ትጥለዋለህ!» አለችኝ። በሩንም አልዘጋችውም።

አጭሯን ገመድ ሰካሁ። ጸጥታ፣ እታለም! የካሴቱ ክር ሲዞር ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ሙዚቃው ቤቱን ሞላው፤ ጎል እንዳገባ ሰው ጮኽኩ። ካሴቷ፣ ወንድማችን ዘፈኖቹን ከየቦታው ለቃቅሞ፣ እሱ ደስ እንዳለው ደርድሮ የቀዳት ናት፤ ከክፍሉ ወጥታ አታውቅም። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ እማዬ «ድገመው» አለች። አባዬ፣ ያ የክፍሉን በር እየደበደበ «ቀንስ!» ሲል የኖረው፣ ዓይኑን እንደጨፈነ እጁን አነሣ።

«ተይው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ይበልጣል» አለ።

በለጠም።

ነገ የሒሳብ ፈተና ስላለብኝ እዚህ ላይ ልግታው። የእጅሽ ሥራ ይባረክልሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ በደጉ ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ