በእህትህ ክንድ ላይ የነበረው ብልዘት

ጉለሌ፣ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ስብሐት፣
ከአሰብ ሙቀት ጋር እንደምን ሰነበትክ? እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ።

ለእህትህ ለየዓለምወርቅ ሙት ዓመት ስትመጣ ሽብሩን እንደማትምረው ጽፈህልኛል። እኔም አልማርኩትም ነበር። ያ የቀበሌ ጥበቃ በስኳር ሰልፍ ላይ ክንዷን ጨምድዶ ሲጎትታት የአምስት ጣቱ ምልክት በልዞ ቀረ፤ በወሩ ቀበርናት። እናቱ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም። ድንኳኑ ዳገቱ ላይ ነበርና ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ሲያለቅስ ሰማሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ።

ባለፈው ሳምንት ለራሴ ጉዳይ ሐኪም ቤት ሄጄ የየዓለምወርቅን የምርመራ ወረቀት አሳየሁ።

«አባባ፣ አጣዳፊ የደም ካንሰር ነው» አለኝ ሐኪሙ። «መቅኒዋ ያልበሰለ ነጭ ደም እያመረተ ጤነኛውን ደም ቦታ አሳጣው። ደም የሚያረጋው ሲያልቅ ደግሞ ቀስ ብለው ቢነኳትም ይበልዛል።»

«ታዲያ ሽብሩ አልገደላትም?»

«ሽብሩ ማነው?»

ቂሜ አልወጣልኝም፤ የማወርድበት ሰው ጠፋኝ እንጂ። አንተ ግን ሽብሩን እንዳትነካው።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ድዴን እያደማኝ መፋቂያ ትቻለሁ። የዘንቢሉ ማንገቻ ክንዴ ላይ የተወው ምልክት ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ሰው ግን አልነካኝም። ሐኪሙም ለሰኞ ቀጥሮኛል።

ከቻልክ ከሙት ዓመቱ ቀድመህ ና። ያኔ የቀረሁበትን ለቅሶ ሽብሩ ቤት አብረን እንደርሳለን፤ ዳገቱን ብቻዬን አልችለውም።

እመቤቴ በደህና ታገናኘን።

የእህትህ ባል፣ መዝገቡ